መብራት በጠፋ ዕለት ያስተማርኩት ኬሚስትሪ

ይህ የገጠመኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በቴሌቪዥን መሰጠት በጀመረበት ሰሞን ነው። በመምህራን ኮሌጅ ኬሚስትሪ ተምሬ ለመመረቅ የቀረኝ የማስተማር ልምምድ ብቻ ነበር። ነገሩ ትዝ ሲለኝ አንዳንዴ ያስቀኛል፣ አንዳንዴ ያበግነኛል።

የተመደብኩት እዚሁ ሰፈሬ አቃቂ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ክፍሉ ውስጥ «ፕላዝማ» የምንለው ትልቅ ቴሌቪዥን ተተክሏል። በውስጡ ያለው አስተማሪ እንግሊዝኛውን ያንበለብለዋል። ጥያቄ ይጠይቅና ትንሽ ዝም ይላል፤ ማንም ሳይመልስለት «ዌል ደን!» ብሎ አመስግኖን ያልፋል። የእኔ ሥራ ከእሱ በፊት ትምህርቱን ማስተዋወቅ፣ ከእሱ በኋላ ማጠቃለል ነው።

ልምምዱን ያላለፈ አይመረቅም። አባቴ ደግሞ የምርቃቴን በግ ገዝቶ ግቢያችን ውስጥ አስሮታል።

ሊገመግሙኝ የመጡት የኮሌጃችን መምህር ከኋላ ተቀመጡ። ርዕሱ አሲድና ቤዝ ነበር። ፕላዝማው «ጉድ ሞርኒንግ» ከማለቱ መብራት ድርግም አለ።

ተማሪው በፉጨት ቀለጠ። እኔን ላብ አጠመቀኝ። ምን አማራጭ አለኝ? ጠመኔ አነሳሁና ስለ ሎሚ፣ ስለ ኮምጣጤ፣ ስለ ሳሙና ማስረዳት ጀመርኩ።

መስኮቱ ሥር የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ይሄ የሚሸተን ወንዛችንስ አሲድ ነው ቤዝ?»

«በማሽተት አይታወቅም፤ ይለካል» አልኳት።

«ታዲያ ለምን አንለካውም?»

እውነቷን ነው። አሲድና ቤዝ የሚለየውን ሊትመስ ወረቀት እንድታመጣ ወደ ላቦራቶሪ ላክኋት። ባዶ እጇን ተመለሰች።

«ጎብኚ ሊመጣ ስለሚችል ዕቃው አይነካም አሉኝ።»

ወረቀቱ ቢቀርም ክርክሩ ጦፈ። አሲድ የሚሉት በአንድ ወገን፣ ቤዝ የሚሉት በሌላ ወገን ሆነው ምክንያታቸውን ሲደረድሩ ደወል ተደወለ። ማንም ከወንበሩ አልተነሳም። በደስታ እየፈነደቅኩ ወደ መምህሩ ሄድኩ።

«ጥሩ አስተምረሃል» አሉኝ። «ግን ልገመግምህ አልቻልኩም።»

«ምነው መምህር?»

«ነጥብ የሚሰጠው ለመግቢያህና ለማጠቃለያህ ነው። መሃሉ የፕላዝማው ነው፤ አንተ የእሱን ሰዓት ነው የወሰድክበት። መብራት ሲኖር ተመልሼ እመጣለሁ።»

በሳምንቱ መጡ። መብራትም ነበር። ትምህርቱን አስተዋውቄ ጥግ ይዤ ቆምኩ። ፕላዝማው አንበለበለው። ያቺ ልጅ እጇን ስታወጣ አውርጂ ብዬ በዓይኔ ጠቀስኳት፤ እሱ እንደሆነ ቆሞ አይጠብቃት። በመጨረሻ አጠቃለልኩ።

መምህሩ እጄን ጨብጠው «አሁን ገና አስተማሪ ሆንክ!» አሉኝ። ኤ ሰጡኝ። በጉም ታረደ።

ዛሬ እዚያው አቃቂ ከፕላዝማ ጋር ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ያ ኤ እስካሁን ያናድደኛል፤ የተሰጠኝ ዝም ብዬ ስለቆምኩ ነው። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ያማርራል። እኔ ግን ጠመኔዬን ከኪሴ አወጣለሁ።