የማኅበሩ ዱቄት

ጽሑፌ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ! በደስታ ወደ አሰላ ገበያ ስወርድ የወፍጮ ቤቱ ናፍታ ሸተተኝና ልጅነቴ ትዝ አለኝ።

ያኔ የሞተር ወፍጮ አዲስ ነበር። የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ዘነቡ፣ «ናፍታ የነካው ዱቄት በረከት የለውም! የማርያም ማኅበር ዳቦ በእጅ ይፈጫል፤ ልጅቷ ትምህርቷን ትታ ትፍጭ!» አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ። እናቴ ግን እኔን ለማስመሰል ቤት አስቀርታ ስንዴውን በድብቅ ወፍጮ ቤት ወስዳ አስፈጨችው።

በማኅበሩ ቀን እትዬ ዳቦውን ደጋግመው አሸተቱት፤ ቀመሱትና፣ «አያችሁ? የእጅ ዱቄት ያስታውቃል!» አሉ።

እናቴ ሳቋን ዋጥ አድርጋ በጆሮዬ፣ «ነገ ትምህርት ቤትሽ ትመለሻለሽ። የእጅ ወፍጮውን መጅ ግን አንጥለውም፤ ሞተር አይታመንም» አለችኝ።

ተማሪዎቼ፣ እናንተስ ቤት በጥርጣሬ የገባው አዲስ ነገር ምን ነበር? ጽፋችሁ አምጡልኝ፤ አንብቤ እከራከራችኋለሁ።