ለቅሶ ቤት የገባው መርከብ

ዛሬ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር፣ የእናታችን ለቅሶ ላይ፣ ወንድሜና ሚስቱ በቁማቸው ተለቀሰላቸው።

እናታችን ስትቀበር ሁለቱ በመርከብ ኖርዌይንና ዴንማርክን እየዞሩ ነበር። ለወንድሜ ስደውል ስልኩን ያነሳችው ሚስቱ ናት። "እንዴት አድርገን እንመለስ፣ ገና ስዊድን ይቀረናል" አለችኝ።

ስዊድንን ጨርሰው ይኸው ዛሬ መጡ። እሱ ትንሽ አለቀሰና ፍራሹ ላይ ተቀመጠ። እሷ የድሬን ሙቀት ስታማርር ቆይታ ስልኳን አወጣችና የመርከቡን ፎቶ አጠገቧ ላለው ሰው አቀበለች።

እኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት የሚዞር ፎቶ የሟች ነው። ይህን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም፣ የድሬ ልጅ ናት።

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ጋ ደረሰ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ባልና ሚስቱ ደግሞ ፎቶው ላይ የሱፍ ኮፍያና ጥቁር መነጽር አድርገዋል።

አዴ ፋጡማ ደረታቸውን መቱ። "ወላሂ አልሰማሁም፣ እነዚህንም ቀበራችሁ? አላህ ይዘንላቸው። ምኖችሽ ነበሩ?"

ሁለቱም ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ይሰማሉ።

"ወንድሜና ሚስቱ ነበሩ" አልኳቸው።

እናንተስ በቁሙ የቀበራችሁት ዘመድ አለ? ጻፉልኝ፣ ለቅሶ እደርሳችኋለሁ።