የእህቴ መርገጫ

የስፌት መኪና ዘይት በሸተተኝ ቁጥር እቀናለሁ። ሌላውን ሰው ምን እንደሚያስታውሰው አላውቅም፣ እኔን ግን ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር የተከራየናት ቤት በረንዳ ላይ የቆመችው መርገጫና እሷ ላይ እንደ ንግሥት የምትቀመጠው ታናሽ እህቴ ምሕረት ይመጡብኛል።

ምሕረት በሕፃንነቷ ትኩሳት ጥሏት ቀኝ እግሯ ሳስቶ ስለቀረ፣ እማዬ ካርቱም ሁለት የሚባል ሰፈር ወዳለ ክሊኒክ ረክሻ በሚሉት ባጃጅ እያመላለሰች የእግር እንቅስቃሴ ታሠራት ነበር። ብርዱ ገብቶ የተቃውሞ ሰልፉ ሲጀመር መንገዱ በሚቃጠል ጎማ ስለሚዘጋ ክሊኒክ መሄዱ ቀረ። ከወንዙ ማዶ ባሕሪ፣ ብየዳ ቤት የሚሠራው አባዬ ታዲያ በእግር የሚረገጥ አሮጌ የስፌት መኪና ገዝቶ፣ መስፊያውን ነቅሎ፣ በቦታው ከባድ የብረት ጎማ ገጠመና ከታችኛው ጎማ ጋር በጠፍር አያያዘው። ምሕረት ስትረግጥ ብረቱ እያጉረመረመ ይዞር ነበር፣ እግሯም እንዲጠነክር። አመሻሽ ላይ አባዬ ከሥራ ሲመለስ ፊቱን ሳይታጠብ አጠገቧ ቁጭ ብሎ «ያላ ምሕረቴ፣ በርቺ፣ ሃያ ቀረሽ» ይላት ነበር። የአሥራ አንድ ዓመቷ እኔ ደብተሬን ይዤ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ሃያው ሲያልቅ ሌላ ሃያ ይመጣል።

ጎረቤታችን ሃጃ ሲታና እንኳ ጉልበቴን አመመኝ እያለች፣ ሻይዋን ይዛ መጥታ ትረግጥ ነበር። እኔ ልቀመጥ ስል ግን አባዬ «የአንቺ እግር የፈረስ እግር ነው፣ ተነሺ» ይለኛል። አንድ ሰሞን ማነከስ ጀመርኩ። ሁለት ቀን አየኝና በሦስተኛው «ትናንት ግራሽን ነበር፣ ዛሬ ወደ ቀኝ ተሻገረ እንዴ?» አለኝ። ሃጃ ከነሻይዋ ሳቀች፤ ወላሂ፣ ያን ሳቅ ዛሬም ይቅር አላልኳትም።

ሙቀቱ ሲከር አባዬ ዓርብ፣ በዕረፍት ቀኑ፣ እኔን ብቻ ወንዝ ዳር ሊወስደኝ ቃል ገባ። ዓርብ መጣ፣ «ምሕረት ትጨርስ» አለ። የሚቀጥለውም ዓርብ እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ሐሙስ፣ ጠፍሩ ከሌለ መርገጥ የለም፣ መርገጥ ከሌለ አባዬ የኔ ነው ብዬ በእማዬ የሽንኩርት ቢላ ቆረጥኩት። በማግስቱ አባዬ «አርጅቷል» ብሎ ጫማውን አጠለቀና ሌላ ጠፍር ሊያመጣ ወደ ባሕሪ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ተኩስ ተሰማ፣ ድልድዩ ተዘጋ፣ አባዬ ወንዙ ማዶ ቀረ።

ስድስት ቀን። በሁለተኛው ቀን ስልኩ ሠርቶለት ደወለ። እኔን እንዲያቀርቡለት ሲጠይቅ ደስ አለኝ፣ እሱ ግን «ጎማዋ ባዶዋን ከዞረች ለእግሯ አይጠቅማትም። የታችኛዋን በወፍራም ጨርቅ ጨብጠሽ ያዢላት፣ እየከበዳት ትርገጥ» አለኝ። አለቀስኩ፤ ፍርሃትም ነበር፣ ቅናትም ነበር። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ጎማዋን እየያዝኩ፣ መዳፌ እስኪላጥ ሃያ በሃያ እቆጥርላት ነበር። ምሕረት ከላይ ሆና «አጥብቂ እንጂ፣ ሰነፍ» ትለኛለች። አባዬ ካልተመለሰ የገደልኩት እኔ ነኝ እያልኩ አጠብቃለሁ።

በሰባተኛው ቀን ጠፍር ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ። መጀመሪያ የዳሰሰው የምሕረትን ባት ነበር። «ጠንክሯል» አለ። መዳፌን ማንም አላየውም።

ዝናቡ ሲመጣ ምሕረት ውሃ የተኛበትን መንገድ የኔን ትከሻ ሳትይዝ ተሻገረች፣ ሃጃም እልል አለች። እኔ ጫማዋን ተሸክሜ ከኋላ ነበርኩ።

ዓመታት አልፈው፣ ከካርቱም ሸሽተን አሁን ጎንደር ነን። መርገጫዋ ቡሪ ቀርታለች፣ ምሕረት ቁልቁለቱን ከእኔ ቀድማ ትወርዳለች፣ እኔም ስለ ጠፍሩ ለአባዬ ትንፍሽ አላልኩም። የእሱ ጉልበት ግን ደክሟል። ጠዋት ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ውስጥ እግሩን በመዳፌ ላይ ይገፋል፣ እኔ አጥብቄ እይዝለታለሁ፣ እቆጥራለሁ። ያኔ ከጎኑ ለመቀመጥ እግሬን ባመመኝ እል ነበር፤ ዛሬ ከጎኑ ያስቀመጠኝ የእሱ ሕመም ነው። ደስ ሊለኝ አይገባም፣ ግን ይለኛል።

ባለፈው ምሕረት በሩ ላይ ቆማ ስታየን ቆየችና «ዛሬ እንኳ እኔ ልያዝለት» አለች።

«የአንቺ እግር የፈረስ እግር ነው፣ ሂጂ» አልኳት።

አባዬ ሳቀ። ገና ሃያ ቀርቶት ነበር።