ክዳኑ ላይ ስለሚነጠፈው ጨርቅ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ጋሼ ሰለሞን ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጡልኝ የሞተ ኮምፒውተር ነበር። ከአዲስ አበባ ጁባ ድረስ የመጣሁት በርና የመስኮት ፍርግርግ ልነድፍ ነው። የተማርኩት ድራፍቲንግ ነው፤ የማውቀውም ላሜራና ቱቦላሬ። እሳቸው ግን የኮምፒውተሩን ጎን በካቻቢቴ ፈቱና አዘነበሉት። ቀይ አፈር እንደ በርበሬ ጠረጴዛዬ ላይ ፈሰሰ።

"ይሄ ከውጭ የመጣ ኬዝ ነው" አሉኝ። "ግማሹ ባዶ ነው፤ ባዶው ሁሉ አቧራ ይሞላል። ትንሽ ቤት ሥሪለት።"

ወርክሾፓችን ሙኑኪ የሚባል የጁባ ሰፈር ውስጥ ነው፤ ሁለት ክፍልና አንድ ግቢ። በር፣ መደርደሪያ፣ የጄኔሬተር ማቀፊያ እንሠራለን። በዚያን ጊዜ ክሊኒኮችና ቢሮዎች ጠረጴዛ ጥግ ላይ የሚቀመጥ፣ ሲመሽ መሳቢያ ውስጥ የሚቆለፍ፣ ቢሮ ሲቀየር በብብት ተይዞ የሚሄድ ኮምፒውተር መጠየቅ ጀምረው ነበር። ማዘርቦርዱ በትንሹ ተሠርቶ ይመጣል፤ አሥራ ሰባት በአሥራ ሰባት ሳንቲሜትር ነው። የጎደለው ልኩን የጠበቀ ኬዝ ነበር።

የመጀመሪያውን በካርቶን ቆርጬ ገጠምኩ፤ ልክ መጣ። በላሜራ ሲሠራ ማዘርቦርዱ አልገባ አለ። ላሜራ ሲታጠፍ ከልኩ ይበላል፤ እኔ ያንን አልደመርኩም ነበር። ሁለት ሚሊ ጎደለ። ጋሼ ሰለሞን ወዲያና ወዲህ አገላብጠው አዩትና "እንግዲህ ማዘርቦርዱን በሞረድ ቀንሺው" አሉ። በያጆቹ ሲሳሳቁ ዋሉ።

ከንድፉ ወረቀት ጥግ ትንሽ ሠንጠረዥ አለች። ሦስት መስመር ናት፦ የነደፈው፣ ያረጋገጠው፣ የፈቀደው። ለአራት ዓመት በመጀመሪያው ላይ ብቻ ፈረምኩ። በአምስተኛው ዓመት ጋሼ ሰለሞን ሁለተኛውን መስመር ለእኔ ሰጡኝ። ሌላ ነዳፊ ስላልነበረ የማረጋግጠው የራሴን ሥራና በያጆቹ የሚያመጡትን የበር ልክ ነበር። ቢሆንም ማዕረጌ ነበር። እናቴ ስትደውል ነግሬያታለሁ።

ከዚያ በፊት የሆነ አንድ ነገር ልናገር፤ የኋላው ሁሉ ከዚህ ይመጣል። ሁለተኛዋ ኬዝ አማራት ሰፈር ያለ የአንዲት ያገራችን ሴት ሆቴል፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ተቀመጠች። ሴትዮዋን እት ሳባ እንላታለን። የሞቀ አየር ወደ ላይ ይወጣል ተብሎ ስለተማርኩ ቀዳዳዎቹን በሙሉ ክዳኑ ላይ አድርጌ ነበር። በሦስተኛው ቀን እት ሳባ ደወለች፤ ኮምፒውተሩ ቀትር ላይ ይጠፋል። ብሄድ ኬዟ ነጭ ዳንቴል ለብሳለች፤ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ከነማስቀመጫው ቆሟል።

"ለማማር መሰለሽ?" አለችኝ። "ለአቧራው ነው።"

ምን እላታለሁ? እኔ ራሴ በተከራየሁባት ክፍል ቴሌቪዥኑንም የውሃ ማጣሪያውንም በእጄ የሠራሁት ዳንቴል አልብሻቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ክዳን በስቼ አላውቅም። አየሩ ከፊት ለፊት በታች፣ በወንፊት በኩል ይገባል፤ ከኋላ በላይ ይወጣል። ክሊኒኮቹም ያው ናቸው። የዚህ አገር ሴቶች ሚላያ የሚሉት የተጠለፈ ጨርቅ አላቸው፤ ወንበሩንም አልጋውንም ኮምፒውተሩንም ያለብሱታል። ክዳኑን ሳልበሳ የምተወው ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም። ጋሼ ሰለሞን አቧራ እንዳይገባ ይመስላቸው ነበር። እኔም እንዲመስላቸው ተውኩ። እኔ ብቻ የማውቃት አንድ ነገር ነበረችኝ፤ ማካፈል አልፈለግሁም።

ከዚያ ኛዳክ ሁለተኛ ነዳፊ ሆና መጣች።

ኛዳክ የዚህ አገር ልጅ ናት፤ ያደገችው ግን አዲስ አበባ ነው። አማርኛዋ ከእኔ የቀለጠፈ ነው። ከበያጆቹ ጋር በጁባ አረብኛ ትቀልዳለች፤ እኔ ስደርስ "ሀበሺያ መጣች" ብለው ዝም ይላሉ። ከደንበኛ ጋር እንግሊዝኛ ታወራለች። ንድፏን ስክሪን ላይ እያዞረች ስታሳይ ደንበኛው ወንበሩን ስቦ ይጠጋል። የእኔን ወረቀት አንድም ሰው ወንበር ስቦ አይቶት አያውቅም።

ጋሼ ሰለሞን መስኮቱ አጠገብ ያለውን ቦታ ለእሷ ሰጧት፤ ኮምፒውተሯ ብርሃን አያስፈልገውም እኮ። "የኔ ልጅ" ይሏታል። እኔን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጽጌ ነው የሚሉኝ። ደግሞ አገሯ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አክስቷ ቤት ትሄዳለች። እኔ ቅዳሜ ልብሴን አጥቤ፣ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ እመለሳለሁ፤ ቤት የሚጠብቀኝ የለም። ይሄም አስቀናኝ።

ጾመ ነቢያት ነበር። ጠዋት እጸልያለሁ፣ እሰግዳለሁ፤ ከስግደት ቀና ስል መጀመሪያ ትዝ የምትለኝ እሷ ናት። ጋሼ ሰለሞን በቀን ስንት ጊዜ ስሟን እንደሚጠሩ ሳላስበው እቆጥር ነበር።

በዚያው ሰሞን ትልቅ ሥራ መጣ። በየሰፈሩ ክሊኒክ ያላቸው ዶክተር ጄምስ የሚባሉ ሰው ሠላሳ ኬዝ ፈለጉ። መጀመሪያ አንድ ናሙና ጉዴሌ ሰፈር ባለው ክሊኒክ ሁለት ሳምንት ይሞከራል፤ ከተሳካ ሠላሳው ይታዘዛል። ጋሼ ሰለሞን ናሙናውን ለኛዳክ ሰጧት። ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ነበረች። "ይሄን ካለፈች ቋሚ ትሆናለች፤ ካላለፈች እናሰናብታታለን" አሉኝ፤ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

ንድፉን እንዳረጋግጠው አመጣችልኝ። ማማሩን መካድ አልችልም። ከእኔ ኬዝ ያንሳል፤ አንድም ብየዳ የለው፤ ማንጠልጠያው ከራሱ ከላሜራው ታጥፎ የወጣ ነው። ክዳኑ ግን እንደ ማር እንጀራ በቀዳዳ ተሞልቷል።

"እትዬ ጽጌ፣ ጉድለት ካለው አሁኑኑ ንገሪኝ" አለች። "አላፍርም።"

ካሊፐሬን አወጣሁ። የፓወር ሰፕላዩን የብሎን ቦታ ለክቼ ግማሽ ሚሊ ስህተት አገኘሁና አረምኩላት። አመሰገነችኝ። ክዳኑ ጋ ስደርስ ጣቴን ቀዳዳዎቹ ላይ አሳለፍኩ።

"ጥሩ ነው" አልኩ። ፈረምኩ።

አልዋሸሁም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ምናልባት የጉዴሌዋ ነርስ ጨርቅ አትነጥፍ ይሆናል፤ ማን ያውቃል?

በሁለተኛው ሳምንት የበር ልክ ልወስድ ነው ብዬ ቦዳቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል ጉዴሌ ሄድኩ። መንገዱ አቧራ ነበር፤ ነጠላዬ ቀልቶ ነው የደረስኩት። የክሊኒኩ ነርስ ሜሪ ትባላለች። ኬዟ ጣዎስ የተጠለፈበት ሰማያዊ ሚላያ ለብሳለች። እጄን ጣል ባደርግበት እንደ ምጣድ ይፋጃል።

"አሻን ቱራብ" አለችኝ ሜሪ፤ ለአቧራው ብላ ነው። በእጇ የጠለፈችው ነበርና ደስ ብሏታል።

ያምራል አልኳትና ወጣሁ። ጨርቁን ማንሳት እችል ነበር። አላነሳሁም።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ በክትባት ቀን፣ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተሰልፈው ሳለ ኮምፒውተሩ ጠፋ፤ አልነሳም አለ። ሜሪ እስኪመሽ ድረስ በወረቀት ስትጽፍ ዋለች። ዶክተር ጄምስ ኬዟን በማግሥቱ ራሳቸው ይዘዋት መጡ። ጋሼ ሰለሞን እጅ ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

ጋሼ ሰለሞን ኛዳክን ግቢ ውስጥ፣ በያጆቹ ፊት ገሠጿት። ስክሪን ላይ ማዞርና ሥራ መሥራት የተለያዩ ናቸው አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ጽጌ፣ ያንቺን ንድፍ አውጪ" አሉ።

ደስ አለኝ። አልደብቅም፤ ደስ አለኝ።

ኛዳክ ኬዟን አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች፤ ያ የሞተው ኮምፒውተር በመጀመሪያው ቀን የተቀመጠበት ቦታ ላይ። አላለቀሰችም። ፋኑ ይሠራል፣ ቀዳዳውን ሁለት ጊዜ አስልቼዋለሁ እያለች በቀለም ብሩሽ ክዳኑን ትጠርግ ጀመር። ከቀዳዳው አንድ ሰማያዊ ክር መዘዘች።

"ይሄ ክር ከየት መጣ?"

ዝም ማለት እችል ነበር። አፌ ቀደመኝ።

"ከሚላያ ነው። ጨርቅ ይነጥፉበታል። ሁሌም ይነጥፉበታል።"

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"አንቺ ከመምጣትሽ በፊት።"

ክሩን ጣቷ ላይ ጠቀለለችው። "ጠይቄሽ ነበር እኮ፣ እትዬ" አለች። ብሩሹን አንስታ ጠረጋዋን ቀጠለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የኛዳክን ንድፍ ይዤ ጋሼ ሰለሞን ጋ ገባሁ። የነደፈው የሚለውን ብቻ ነበር ያዩት፤ እኔ ጣቴን ከሥሩ ያለው ፊርማዬ ላይ አደረግሁ። መነጽራቸውን አጠለቁ።

"ክዳኑን አይተሽ ነው ሳታዪ የፈረምሽው?"

"አይቼ።"

"ሳላይ ብትዪኝ ይሻለኝ ነበር። የማያይ ሰው መነጽር ይገዛል።" ወረቀቱን አስቀመጡት። "ለምን?"

"ቀንቼ" አልኩ። ይህን ቃል ለንስሐ አባቴ እንኳ አውጥቼ ተናግሬው አላውቅም ነበር፤ በጸሎት ጊዜ ሐሳቤ ይበተናል ነበር የምላቸው።

ጋሼ ሰለሞን ጥፋቱ የወርክሾፑ ነው ብለው ለዶክተሩ ደወሉ፤ ሌላ ሁለት ሳምንት ለመኑ። ለኛዳክም በያጆቹ ፊት፣ ያው የገሠጿት ቦታ ላይ ቆመው፣ ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም አሏት። የእኔን ስም አልጠሩም። በያጆቹ ግን ወደ እኔ አዩ።

የኛዳክን ሁለተኛ ንድፍ ሳይ ያመመኝን ልንገራችሁ። ቀዳዳዎቹን እንደ እኔ ወደ ጎን ታዞራለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። እሷ ባሉበት ተወቻቸው። ከክዳኑ በላይ፣ ሁለት ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ ከዚያው ላሜራ በታጠፉ አራት እግሮች ላይ የቆመ ሌላ ክዳን ጨመረች። በዙሪያው ከኬዟ አንድ አንድ ጣት ይተርፋል፤ ጨርቁ ላዩ ላይ ተነጥፎ ሲወርድ ከጎኑ ራቅ ብሎ ይንጠለጠላል፣ አየሩ በሥሩ ይወጣል። ይህን ከመሳሏ በፊት ጉዴሌ ሄዳ የሜሪን ሚላያ በሜትር ለክታለች።

እኔ ያን ሁሉ ዓመት ከጨርቁ ስሸሽ ነበር የኖርኩት። እሷ ቦታ ሰጠችው። እዚያው ቆሜ እንደገና ቀናሁ፤ ከበፊቱም ባሰብኝ።

ሙከራው ተሳካ፤ ሠላሳው ታዘዘ። ሁሉም ዛሬ ጨርቅ ለብሰው ይሠራሉ። ኛዳክ ቋሚ ሆነች። ያረጋገጠው የሚለውን መስመር ጋሼ ሰለሞን ከእኔ ወስደው ለአንድ ዓመት ራሳቸው ፈረሙበት፤ ከዚያ ለእሷ ሰጧት። አሁን ንድፌን የምወስደው መስኮቱ አጠገብ ወዳለው ጠረጴዛ ነው። ቀስ ብላ ታያለች። ስህተት ስታገኝ ትነግረኛለች፤ አንዱንም አታስቀርም። አንዳንድ ቀን ብታስቀር እላለሁ፤ በዚያ እንኳ እንድበልጣት።

ቅናቱ አልለቀቀኝም። እጾማለሁ፣ እሰግዳለሁ፣ ስሙን ጠርቼ እናዘዛለሁ፤ አሁንም አለ። ንድፍ ስነድፍ ግን የማውቀውን ሁሉ ከወረቀቱ ጎን በእርሳስ እጽፋለሁ፤ ማንም ያንብበው።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው ይሄን ነው፦ ያወቃችሁትን ሳትናገሩ አትፈርሙ።