የገፋሁት መኪና

ከቁሐር ሚካኤል የወጣነው ጎሕ ሳይቀድ ነው። ጥር ነበረ፤ የፎገራው ውሃ ሸሽቶ ጭቃው ተሰነጣጥቋል። ባሌ ከሞተ ወዲህ ወንድሙ ልጄን ይታይሽን ለአንድ ሽማግሌ ሊድራት ቀን ቆርጦ ነበርና፣ እጇን ይዤ እስከ ወረታ በእግር፣ ከወረታ በጭነት መኪና፣ ሱዳን ገዳሪፍ ያለው ወንድሜ ዘንድ ብዬ ተነሣሁ። ሹፌሩ የሐሙሲት ሰው ነው። ያገሬ ልጅ ነው ብዬ አመንሁት።

መተማን እንዳለፍን መኪናው ጠፋ። "የባትሪው ብሎን ላልቶ ነው፤ ውረዱና ግፉ" አለ። ይታይሽ ትኩሳት ይዟት ጋቢና ውስጥ ነበረች። "እሷ ትቀመጥ እናቴ፣ ታማለች" ሲለኝ መረቅሁት እንኳ። አብረውን ከተሳፈሩ ሁለት ነጋዴዎች ጋር ገፋሁ። ሞተሩ ተነሣ፤ መኪናው ሄደ። ከዳገቱ ላይ የሚጠብቀን መስሎኝ አቧራዬን እያራገፍሁ ተከተልሁ። አልጠበቀም።

ገዳሪፍ ገብቼ ለፖሊሱ ተናገርሁ።

"የመኪናው ቁጥር?"

"ማንበብ አላውቅም ጌታዬ። ሰውየውን ግን አውቀዋለሁ፤ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው።"

"ቅንድብ መዝገብ አይገባም። የልጅቱ ወረጋስ?" ወረጋ የሚሉት ወረቀት ነው።

"የለኝም።"

"ወረጋ ከሌላት ልጅቱም የለች። ቡክራ ነይ።"

ቡክራ ነገ ማለት ነው። ስንቱን ቡክራ ተመላለስሁ።

ወንድሜ ሰው ቤት እንጀራ ጋጋሪ ሊያስገባኝ ነበር። እኔ ግን ጋራዥ ይሻለኛል አልሁ። መኪና ሁሉ አንድ ቀን ጋራዥ ይገባል። የጋራዡ ጌታ አንድ ያስመራ ሽማግሌ ናቸው፤ ማንም የማይወደውን የባትሪ ሥራ ሰጡኝ። አሲዱ ቀሚሴን እንደ ብል በላው። ሙቀቱን አልነግራችሁም፤ የዚህ አገር ወተትም ቢሆን የፎገራ ላም ያሳደገው ሰው አፉ ላይ የሚያደርገው አይደለም።

ሽማግሌው እንዲህ አስተማሩኝ። የባትሪው ራስ እርሳስ ነው፣ ገር ነው። ብሎኑ ከላላ መንገድ ላይ ያስቀራል፤ ካለልክ ከጠበቀ ራሱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በእጅ ታጠብቂያለሽ፣ ከዚያ በመፍቻ ሩብ ዙር፤ ማሰሪያውን ስትነቀንቂው እምቢ ካለሽ ትተይዋለሽ። ባሌም የቀንበሩን ጠፍር ሲያጠብቅ እንዲሁ ነበር፣ እየነቀነቀ። ቶሎ ገባኝ። ፊደልም እዚያው ቆጠርሁ፤ ቁጥር ማንበብ ቸግሮኝ ነበርና።

ባራተኛው ዓመት መጣ። ጠባሳው እንዳለ ነው። አላወቀኝም።

"እናቴ፣ ባትሪዋ እየላላች አስቸገረችኝ። ቶሎ በይልኝ፣ ጭነት አለብኝ።"

አንዱን ብሎን በልኩ አጠበቅሁ። ሁለተኛው ላይ ሩቡን ዙር አለፍሁ፣ ደግሜ አለፍሁ፣ በሁለት እጄ ተንጠላጠልሁበት። እርሳሱ ተሰነጠቀ።

"ምን አረግሽ አንቺ ሴትዮ?"

"ሰበርሁት።"

ሽማግሌው ብድግ አሉ። "አንቺ፣ ልኩ ጠፋሽ?"

"አልጠፋኝም አባቴ። ልጄን ይዞ የሄደው ይህ ነው።"

እሳቸው ተመልሰው ተቀመጡ። ሹፌሩ ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ፣ "ኧረ ወንድሞቼ ግፉኝ፣ በግፊት ይነሣል" አለ።

"እንዴታ፣ ይነሣል" አልሁት። "ያኔ የገፋሁልህ እኔ ነበርሁ።"

አንድም ሰው ከተቀመጠበት አልተነሣ።

መጀመሪያ "አላስታውስም" አለ። ሲመሽ "ከሰላ ከተማ ላይ ወረደች" አለ። በማግስቱ ደግሞ "እያለቀሰች አስቸገረችኝ፤ መንገድ ላይ አውርጄ ወደ ጎንደር ከሚመለሱ ነጋዴዎች ጋር ሰደድኋት" አለኝ። ሐሰት ከሆነ አላውቅም። እውነት ከሆነም እፈራለሁ፤ ተመልሳ ከሆነ የባሌ ወንድም ለዚያ ለቆረጠላት ሽማግሌ ድሯታል።

እናንት የቁሐር ሚካኤል ሰዎች፣ ይህን ደብዳቤ ቄሱ ያንብቡላችሁ። ልጄ መጥታ እንደሆነ በራሷ ቃል አንድ መስመር ላኩልኝ፤ ካልመጣች ደግሞ አልመጣችም በሉኝ። ሰውየው መኪናው ውስጥ እያደረ ነው፤ ጭነቱን ጥሎ አይሄድም። ደኅናው ባትሪ መደርደሪያው ላይ አለ፣ መፍቻው በመቀነቴ ታስሯል። መልሳችሁ እስኪደርስ አልፈታውም።