ለነፍስ የተሰጠ ካፖርት

ዝላትካ ከእኔ በላይ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ከጎማ ፋብሪካው ጡረታ ከወጣችም በኋላ አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆነላትም፤ ባሏ ራንጌል ከሞተ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ባሰባት። ጠዋት መስኮት ትወለውላለች፣ ከሰዓት ያንኑ መስኮት ትደግመዋለች። ደረጃውን ስትወርድ ስትወጣ ኮቴዋ አናቴ ላይ ነው። «አንቺ ሴትዮ፣ እባክሽ አረፍ በይ» ስላት፣ «አንቺ አረፍ በይልኝ፣ ፔና፤ ወሬ መልቀሙ አላደከመሽም?» ትለኛለች። ምላሷ ምላጭ ነው።

ከእሷ ጋር የቀረው ሜቾ ብቻ ነው። ሜቾን ከውሻ መጠለያው የመረጠው ራንጌል ነበር፤ ጌቶቹ ወደ ስፔን ሲሄዱ ጥለውት የሄዱት፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ ሽማግሌ ውሻ። ዝላትካ የፈለገችው ቡችላ ነው። «ምነው ራንጌል፣ ልንቀብረው ነው የምናመጣው?» አለችው፣ በሰው ፊት። ራንጌል ውሻውን አቅፎ አውቶቡስ ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ አልተለያዩም። እሷም ብትሆን ብዙ ሳይቆይ ከሳህኗ ሥጋ ሥጋውን እየመረጠች በጠረጴዛ ሥር ታቀብለው ጀመር። ዛሬ ብትክድም በዓይኔ አይቻለሁ። ቀድሞ የሄደው ግን ራንጌል ሆነ፤ በመስከረም ልቡ ቀጥ አለበት።

ከቀብሩ በኋላ ሜቾ የሚተኛው የራንጌል ካፖርት ላይ ነበር። እኛ ዘንድ የሟች ልብስ በአርባው ለተቸገረ ይሰጣል፤ የተሰጠውን ሟቹ እዚያ ይለብሰዋል ይባላል። መልሶ የወሰደ ሰው ሟቹን ራቁቱን አስቀረው ማለት ነው። ዝላትካ በአርባው ስንዴ ቀቅላ መቃብሩ ላይ ለሰው አደለች፣ ልብሱንም አከፋፈለች። ካፖርቱን ከሜቾ ሥር ጎትታ ለገበያው ዘበኛ ለሳሊ ሰጠችው። «ብርዱ መጣ፤ ራንጌል እንዳይበርደው» አለች። ስለ ውሻው ማን አሰበ? እኔም አላሰብኩም።

ሜቾ መጀመሪያ ምግቡን ተወ። ከክፍል ክፍል እየዞረ ያሸታል፣ በሩን ይቧጭራል፣ ደግሞ ይዞራል። ዝላትካ ጉበት ጠበሰችለት፣ የራሷን ብርድ ልብስ አነጠፈችለት፤ ወይ ፍንክች። አንድ ቀን ጠዋት ቆሻሻ ልትጥል በሩን ስትከፍት በእግሮቿ መሀል ሾልኮ ወረደ።

ዕብድ ነው የሆነችው። ዳንዩብ ወንዝ ዳር ሮጠች፣ ባቡር ጣቢያ ሮጠች፣ ደግሞ ወደ ወንዙ ተመለሰች። እኔ በዚህ ጉልበቴ ከኋላ ከኋላ እጎተታለሁ። «ሌላ ማንም አልቀረኝም፣ ፔና» አለች፣ ሳትቆም። «እሱ ከጠፋ ያንን ቤት ምን ብዬ እገባዋለሁ?» ቀብሩ ላይ እንኳ ያላለቀሰች ሴት ፊቷ በእንባ ርሷል።

ገበያው ውስጥ አገኘነው። ሳሊ ካፖርቱን ለብሶ ሰው ለብርዱ ወራት በጨው ሊዘፈዝፈው ከሚገዛው የጎመን ክምር አጠገብ ሣጥን ላይ ተቀምጧል፤ ሜቾ አፍንጫውን ከካፖርቱ ጫፍ ሥር ቀብሮ እግሩ ሥር ተኝቷል።

«ና የኔ ልጅ፣ ቤታችን እንሂድ» አለችው። ጭራውን ወዘወዘላት እንጂ አልተነሳም። ማሰሪያውን አንገቱ ላይ አድርጋ ስትስበው መሬቱ ላይ ተለጠፈ።

ሳሊ ተነሥቶ ካፖርቱን አወለቀ። «እንኪ ውሰጂው፣ እናቴ።»

«አይሆንም። ለነፍስ የተሰጠ ነው።»

«ላንቺ ማን ሰጠሽ? ለውሻው ነው የምሰጠው። ውሻ ምን ኃጢአት አለበት?»

«አንተስ ምን ልትለብስ?»

«የወንድሜ ጃኬት አለ፤ ሆዱ ስለገፋ አልገባው ብሏል። ሂጂ በቃ፣ ጎመኑን ከጊዜው በፊት በእንባሽ ጨው አታስነኪብን።»

ካፖርቱን በጣቶቿ ጫፍ፣ ከሰውነቷ አርቃ ይዛ ወጣች። ሜቾም ካፖርቱን ተከተለ። ግማሽ መንገድ ላይ ግን የኋላ እግሮቹ ከዱት፤ ቁጭ አለ፣ መንቀጥቀጥም ጀመረ። ከዳንዩብ የሚመጣው ነፋስ አጥንት ይገባል። «ካፖርቱን አምጪው፣ ልያዝልሽ» ልላት ነበር፤ እጄ አልዘረጋ አለኝ። የነፍስ ነገር ያስፈራል።

ዝላትካ ካፖርቱን አየች፣ ውሻውን አየች። ከዚያ እጆቿን በእጅጌዎቹ አስገባች፣ ሜቾን ደረቷ ላይ አንሥታ ቁልፎቹን በላዩ ቆለፈችበት።

«ኧረ ዝላትካ» አልኳት። «ራንጌልን ራቁቱን ልታስቀሪው ነው?»

«ራንጌል ቢሆን ለዚህ ውሻ ራሱ አውልቆ ይሰጠው ነበር» አለች፣ መንገዷን ሳታቆም። «ትንሽ ይብረደው። እኔ ወደ እሱ ስሄድ አሞቀዋለሁ።»