ከዳገቱ ስር የሚሰማው ፉጨት

ልብስ ሰፊው ሲሠራ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። ደንበኞቹ ይገርማቸዋል። ሰፊ ሁሉ ብርሃን ፍለጋ ፊቱን ወደ መስኮት ያዞራል፤ እሱ ግን ብርሃኑ በትከሻው በኩል መጥቶ ጨርቁ ላይ ሲያርፍ ይበቃዋል። መንገዱን ደግሞ ማየት አያስፈልገውም ነበር፤ ጆሮው ያይለታል። ሚስቱ ለየሱቁ አትክልት የምታመላልስባት ፒካፕ ዳገቱን ስትጀምር ታፏጭ ነበር። መጀመሪያ ቀጠን ያለ፣ ከዚያ መኪናዋ ስትጨነቅ እየጎላ የሚሄድ ፉጨት። ያንን ሲሰማ እግሩን ከስፌት መኪናው ፔዳል ያነሳል፣ ክሩን በጥርሱ ይበጥሳል፣ ማንቆርቆሪያውን ይጥዳል። ሚስቱ በሩ ላይ ደርሳ “ቤቶች!” ስትል ውሃው መንተክተክ ጀምሯል።

እሷ ካረፈች ወዲህ ፒካፗ ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማ ከረመች። ዘንድሮ ግን አዋላጅ ነርስ የሆነችው ልጃቸው ከተራራው ማዶ ያለ ጤና ጣቢያ ተመደበች። ለመንገዱ መኪና የግድ ነበር። ሸራውን ገፍፋ፣ ባትሪ አስሞልታ አንድ ዙር ነዳቻትና ፊቷን ቅጭም አድርጋ ተመለሰች።

“አባዬ፣ ዳገት ላይ ጉልበቷ ክድት ይላል። ጭሷ ደግሞ ሰማያዊ ነው። የሆነ ብረት ከብረት ጋር የሚፋቅ ድምፅም አላት።”

“ቱርቦው ነው፤ አልቆለታል” አለ ከፕላስቲክ ወንበሩ ላይ የሚስቱ ወንድም። ዕድሜውን ሙሉ የናፍታ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። ሰፈሩ “ጥቀርሻ” ይለዋል፤ ወገቡ ከተበላሸ ወዲህ ግን መጎንበስ አይችልም።

“እንግዲያው ጋራዥ ትግባ?” አለ ሰፊው።

“ለምን ሲባል? እኔ ምላስ አለኝ፣ አንተ እጅ አለህ። ሁለታችን ተደምረን አንድ መካኒክ ካልወጣን ምን ዋጋ አለን!”

ሰፊው ሳቀ እንጂ እምቢ አላለም። እሷ ስትነዳት የኖረችውን መኪና ባዕድ እጅ ባይነካበት ይመርጣል። ቱርቦ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም ነበርና ጥቀርሻ በከዘራው መሬት ላይ እየሳለ አስረዳው። ነገሩ ደስ የሚል ነው። አንድ ዘንግ ላይ፣ ጫፍና ጫፍ፣ ሁለት ትንንሽ ማራገቢያዎች ተሰክተዋል። አንደኛውን ከሞተሩ የሚወጣው የጋለ ጭስ ያሽከረክረዋል። ሌላኛው በዚያው ዘንግ አብሮ ይዞርና ንጹሕ አየር እየሳበ በኃይል ወደ ሞተሩ ይገፋል። ብዙ አየር ያገኘ ሞተር ናፍታውን አጥርቶ ያቃጥላል፤ ጉልበቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ዘንጉ ዓይን በማይከተለው ፍጥነት ስለሚዞር፣ ብረት ብረትን እንዳይበላው የሚከላከልለት በዙሪያው ያለ ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው።

“ቆይ፣ ቆይ” አለ ሰፊው ዓይኑ በርቶ፣ “ጭሱ እኮ የሚጣል ነገር ነው። በሚጣለው ነው የምትሠራው? ከቁርጥራጭ ጨርቅ ልብስ እንደ መስፋት በለኛ!”

“ገባህ! ያቺ እህቴ ይሄን ያህል ጎበዝ ተማሪ ቤቷ አስቀምጣ ሽንኩርት ስትጭን ኖረች።”

ሰፊው እንደ ዋዛ አድርጎ፣ “ታዲያ አዲሱ... ያፏጫል?” ሲል ጠየቀ።

ጥቀርሻ ፊቱን ወደ አጥሩ መለሰ። “ደህና ቱርቦ ድምፁ ከኮፈኑ አልፎ ሰፈር አይሰማም” አለ። “ይልቅ መፍቻህን ያዝ።”

ሰፊው አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚፈልገው። መኪናዋ ከልጁ ጋር ከመሄዷ በፊት ያ ፉጨት ዳገቱን ሲወጣ አንዴ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ መስማት። ለማንም አልተናገረም።

ሥራውን የጀመሩት ልጁ አዲስ ቱርቦ ገዝታ ባመጣች ማግስት ጠዋት፣ ሞተሩ በርዶ ካደረ በኋላ ነው። በቅድሚያ የባትሪውን ገመድ ነቀለ። ሙቀት የሚከልለውን ቆርቆሮ አነሳ። አየር የሚያስገቡትንና የሚያስወጡትን የጎማ ቱቦዎች ፈታ፤ እያንዳንዳቸውን አንቆ የሚይዝ ፋሼታ የሚሉት የብረት ቀበቶ አላቸው። ከላይ ዘይት የሚያመጣውን ቀጭን ቱቦ፣ ከታች ዘይቱ የሚመለስበትን ወፍራሙን አላቀቀ። የሚገጣጠሙት ነገሮች በኋላ እንዳይምታቱበት፣ እጅጌን ከትከሻ ጋር ለማገናኘት እንደሚያደርገው፣ ግራና ቀኙ ላይ በልብስ ጠመኔ ተመሳሳይ ምልክት አኖረ። የተከፈተውን ቀዳዳ ሁሉ በቢጫ ጨርቅ ወተፈ። ቀዳዳው ውስጥ የገባች ትንሽ ጠጠር አዲሱን ማራገቢያ ትሰባብረዋለች፤ ቢጫ የሆነበት ምክንያት ደግሞ ተረስቶ እንዳይቀር ነው።

በመጨረሻ ቱርቦውን ከጭስ መውጫው ጋር ያሰሩት የዛጉ ቡሎኖች ቀሩ።

“አትታገለው!” ጮኸ ጥቀርሻ። “ከተሰበረ ጉድ ፈላ! የዝገት ዘይት አጠጣውና ተወው። ትንሽ አጥብቀው፣ ትንሽ አላላው፤ እያባበልክ።”

“ስፌት ስፈታም እንዲሁ ነው የማደርገው።”

“ስፌት ስትፈታ እጅህ አይገሸለጥማ!”

በእርግጥም ጣቶቹ ተገሻልጠው ነበር። ቡሎኖቹ ግን አንድ በአንድ እጅ ሰጡ፤ ቱርቦውም ወጣ። ዘንጉን ሲነካው እንደ ልጅ ጥርስ ይነቃነቃል። የማራገቢያው ክንፎች ግድግዳውን እየፋቁ ጠርዛቸው ተበልቷል።

ጥቀርሻ ወንበሩ ላይ ሸለብ ሲያደርገው ሰፊው ብረቱን በሁለት እጁ አነሳና አፉን አስጠግቶ እፍ አለበት። ማራገቢያው ግማሽ ዙር ዞሮ፣ ከር ብሎ ቆመ። ምንም ፉጨት የለም። አሮጌውን መልሶ ልግጠመው ይሆን የሚል ሐሳብ ሽው ብሎበት አለፈ። ወዲያው አፈረበትና ብረቱን ጨርቅ ላይ አኖረው።

አዲሱን ከመግጠማቸው በፊት ጥቀርሻ የዘይቱን ቀጭን ቱቦ አሳጠበው። ውስጡ ዘይት ደርቆ ተጋግሮበታል። ቱርቦ ለውጦ ይህን ቱቦ ሳያጸዳ የሚተው ሰው አዲሱንም በጥም ይገድለዋል።

ሰፊው የሚገጥመው በራሱ ወግ ነበር። ልብስ ሲሰፋ በመጀመሪያ ሁሉንም በረጅም ክር ላላ አድርጎ ያያይዛል፤ ቅርጹ መስተካከሉን ካየ በኋላ ነው አጥብቆ የሚሰፋው። ቱርቦውንም እንዲሁ አደረገው። በብረቶቹ መጋጠሚያ መሃል የሚገቡትን ስስ ጋስኬቶች ቀየረ፣ ቢጫ ጨርቆቹን አወጣ፣ ቡሎንና ፋሼታውን ሁሉ በእጁ ላላ አድርጎ አስያዘ፣ ገና ያልጠበቀው ነገር ላይ ሁሉ ቀይ ክር አሰረ። ከዚያ እየዞረ ማጥበቅ ጀመረ። አንዱን ባጠበቀ ቁጥር ክሩን በጥርሱ ይበጥሳል።

“ናፍታ እየበላህ ነው እንዴ?” አለ ጥቀርሻ።

“ካንተ ስድብ ይጣፍጣል።”

ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ልጁ “ምሳ ቀዘቀዘ!” ብላ ጠራቻቸው። ከምሳ መልስ በዘይት መግቢያው ንጹሕ ዘይት አንቆርቁሮ ማራገቢያውን በጣቱ አዞረው፤ ዘንጉ ሳይረጥብ መሽከርከር የለበትም። የዘይቱን ቱቦ አሰረ፣ የቀረውን አየር ማስገቢያ መለሰ፣ ባትሪውን አገናኘ። ልጁ ሞተሩን አስነስታ ነዳጅ ሳትረግጥ እንዲሁ አቆየችው። ሰማያዊው ጭስ ጠራ።

“በይ፣ እስከ ታች ወርደሽ ነይ” አለ አጎቷ።

መኪናዋ ከጠርዙ ወርዳ ጠፋች። ሁለቱ ሰዎች ቁጭ ብለው ጠበቁ። ከዚያ ከታች፣ ከዳገቱ ስር፣ ቀጠን ብሎ ተነሳ። እየጎላ መጣ። ያው ፉጨት።

ሰፊው መቼ እንደተነሳ አያውቅም። ራሱን ያገኘው ኩሽና ውስጥ ነው፤ ማንቆርቆሪያው ተጥዷል፣ ክብሪቱ እጁ ላይ አለ። ምድጃውን ተደግፎ ፉጨቱ በሩ ላይ ደርሶ እስኪጠፋ አዳመጠ።

“አባዬ! ሰማህ? ልክ እንደ እማዬ!” ልጁ እየሮጠች ገባች።

ወደ ግቢው ሲወጡ ጥቀርሻ ከዘራውን ወደ ኮፈኑ ቀስሯል። “ክፈተው” አለ። ሳቁ የለም። ሰፊው ከፈተ። ከስር፣ ቱርቦው አየሩን ወደ ሞተሩ የሚገፋበት ቱቦ አፍ ላይ፣ ፋሼታው ቀይ ክሩን እንዳሰረ ነው። ለምሳ ሲጠራ ሰፊው ሳያጠብቀው የሄደው ይህንን ነበር።

“አየሩ በዚያ እያመለጠ ነው የሚያፏጨው” አለ ጥቀርሻ። “የእህቴም ፉጨት ከዚያው ነበር የሚመጣው።”

“ምን ማለትህ ነው?”

“ቱርቦው አልነበረም። ያ ፋሼታ ነው። አንድ ቀን ላጠብቀው ካቻቢቴ ባነሳ እጄን መታችኝ። ‘ተወው’ አለች፣ ‘ከዳገቱ ስር ሆኜ መምጣቴን የምነግረው በእሱ ነው። ስደርስ ሻዩ ይጠብቀኛል።’ አየር ያጎድልብሻል፣ ቱርቦው የጎደለውን ሊሞላ ሲሮጥ ያልቃል አልኳት። ‘እኔ ቀድሜው አልቃለሁ’ ብላ ሳቀች። ላንተ እንዳልነግርህ አስማለችኝ።”

ሰፊው እጁን ቱቦው ላይ አሳረፈ፤ ይሞቃል። እሱ ሲጠብቃት የኖረ ይመስለው ነበር፤ ለካ እሷም ከዳገቱ ስር ጀምራ ትጣራ ኖሯል።

“ተወው፣ አባዬ” አለች ልጁ በቀስታ። “እንዲህ እንዳለ ይሁን። እኔም ስመጣ ትሰማኛለህ።”

ሰፊው ምጥ የያዛትን ሴት አሰበ፤ ኋላ ወንበር ላይ ተኝታ፣ ተራራው ላይ፣ ጉልበቷ በሚክዳት መኪና ውስጥ።

“አይ፣ የኔ ልጅ። የአንቺ መንገድ ይከብዳል።”

ጎንበስ ብሎ ፋሼታውን በካቻቢቴ አጠበቀ፤ እጁ እንቢ እስኪል ድረስ። ከዚያ ቀዩን ክር በጥርሱ በጠሰው። አልጣለውም፤ ኪሱ ከተተው። ልጁ እንደገና ወርዳ ስትወጣ መኪናዋ ዳገቱን እንደ ቀልድ ጨረሰችው። ድምፅ አልነበራትም። በሩ ላይ ስትቆም ሰፊው ደነገጠ።

ልጁ በሄደች ማግስት ጥቀርሻ ጎራ ሲል ሰፊውን ላብ በላብ ሆኖ አገኘው። የስፌት መኪናውን ብቻውን እየጎተተ ያዞራል፤ የብረት እግሮቹ ወለሉ ላይ ነጭ መስመር አስምረዋል።

“ምን ሆነህ ነው ቤቱን የምታተራምሰው?”

“እርዳኛ፣ ዝም ብለህ ከምታይ።”

“በዚህ ወገቤ?”

“እንግዲያው ስደበኝ፤ እሱም ይረዳል።”

ጥቀርሻ እየሰደበው፣ ሰፊው እየገፋ፣ መኪናው ዞሮ ከመስኮቱ ስር ተቀመጠ። ሰፊው ወንበሩን ሳበና ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ተቀመጠ። ዳገቱ ከላይ እስከ ታች ወለል ብሎ ይታያል። ጆሮው ካሁን በኋላ አይነግረውም። መርፌው ላይ ክር ሰካ፣ እግሩን ፔዳሉ ላይ አኖረ፣ ጥቂት ከሰፋ በኋላ ቀና ብሎ ወደ ታች ተመለከተ።